ሰሌዳ ነበር የጠየቅሁሽ

ጭሮ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ኃይሉስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም የሚብስበት ስልክ ላይ ነው፤ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ «እህ?» እላለሁ፣ ጉዳያችንን የሚሰማው ጎረቤት ብቻ ይሆናል። በኢሜይል ግን አንዲት ጣት ትበቃኛለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ጻፊልኝ፣ እኔም እጽፍልሻለሁ።

ድረ ገጹን ወደዱት ወይ ብለሽኛል። ላመስግንሽ ወይስ እውነቱን ልንገርሽ? የእድራችንን ሰሌዳ ታውቂዋለሽ፤ ከአጥሩ በር አጠገብ ቆሞ፣ እኔ ጸሐፊው በጠመኔ የምጽፍበትን። አባሎቻችን ተበታተኑ፣ መምህሯ ቦኬ ተመደበች፣ ጤና ረዳቱ መሰላ ተዛወረ። ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን እነሱም ባሉበት ያንብቡት ብዬ ነው የለመንኩሽ። አንቺ ግን ቤተ መንግሥት ሠርተሽ ላክሽልኝ። ሲከፈት የተራራ ፎቶ እየተንሸራተተ ይመጣል። መሰላ ላይ ፎቶው ግማሹ መጥቶ ግማሹ መንገድ ይቀራል። እሱን ሲያልፉት «ይመዝገቡ» የሚል ሣጥን ፊት ለፊት ይገተራል። እሱን ሲዘጉት ከእትዬ ሰርካ የሞት ማስታወቂያ ሥር «ወደዱት?» ብሎ ቀይ ልብ ያሳያል። ዳኛችን ብሩኬ ሣጥኑን ልዝጋ ብሎ ልቧን ነካት። እንግዲህ የእድሩ ዳኛ የእትዬ ሰርካን ሞት ወዶታል ማለት ነው። ልጆቻቸው አይተው ምን እንዳሉን አልነግርሽም።

እናትሽ ደህና ናት። ከአዋላጅነት ጡረታ ወጣሁ ትላለች እንጂ የሰፈሩ ነፍሰ ጡር ሁሉ አሁንም ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት የፈለቀችን በር ነው የሚያንኳኳው።

አክባሪሽ፣
ተስፋዓለም


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተስፋዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከአልጋ እንዳልወርድ ስለታዘዝኩ የምጽፈው ኮምፒውተሩን ትራስ ላይ አድርጌ ነው። አምና ያረገዝኩት እንደወረደብኝ ያውቃሉ፤ ዘንድሮም እንዳይደገም ሐኪሟ በጣም ፈርታለች። መንገድ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ድንጋጤ ደግሞ ጨርሶ የለም ብላኛለች። ኃይሉን ለብቻው ጠርታ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቲቪ እንኳ ዜና ሲጀምር ያጠፋብኛል።

ልቧን አጥፍቻታለሁ። አቶ ብሩኬን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ግን ስቄያለሁ። የቀረውን እኔ የጨመርኩት እንዳይመስልዎት። ሶፍትዌሩ ሁሉንም አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቤት ከነቁም ሳጥኑ እንደ መከራየት ነው። ከባዶ ልጻፍ ብል ወር ይፈጅብኝ ነበር፣ ይሄ ግን በአንድ ከሰዓት ቆመልኝ። የማይፈልጉትን ቁም ሳጥን አይክፈቱት፣ በቃ። ደግሞስ ማሳወቂያውን አይናቁት። እርስዎ አንድ ነገር ሲጽፉ በየስልኩ ራሱ ሄዶ ይናገራል። የአስተዳዳሪነቱን ቁልፍ አልይዝም ብለው እኔ ላይ ስለጣሉት ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚጮኸው እኔ ስልክ ላይ ነው። ጭሮ ማን እንደሞተ ከጭሮ ሰው በፊት የምሰማው እኔ ሆኛለሁ።

ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ መጋቢት ላይ እንድትመጣ። የሌላ ሰው እጅ አልፈልግም።

አብርሆት


ጭሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

ጤና ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተረትቼ ነው፣ የተረታ ሰው ደብዳቤ ደግሞ አጭር ነው።

ኦቦ ጅብሪል ንጋት ላይ ለሱብሂ ሰላት ሲነሱ ወደቁና አረፉ። ቀብሩ በዕለቱ ከሰዓት ከአሱር ሰላት በኋላ ሆነ፣ በነሱ ሬሳ አያድርም። ልጁ ኢዘዲን መኪናውን ይዞ ከአዋሽ ማዶ ነበር፤ ቤተሰቡ ቢደውል ቢደውል አልገባ አለ። ያንቺ ማሳወቂያ ግን ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ደረሰው። የአባቱ ጀናዛ ከመስጊድ ሲወጣ ከነአቧራው ደረሰ። በማግስቱ ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ አላህ ይስጣት ያቺን ልጅ። የአባቴን አፈር በእጄ አለበስኩት» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ስለዚህ ከእንግዲህ አላማርርም። ብቻ ከማስታወቂያው ሥር አሁን ደግሞ «ስንት ኮከብ ይሰጣሉ?» የሚል መጥቷል። እሱን እንኳ አንሺልኝ።

ተስፋዓለም


ጭሮ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብርሆት፣

ሰላምታ አሳጠርኩብሽ፤ ሰላም የለኝም።

አቶ አያና ባለፈው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አረፉ። ልጃቸውን የምሥራችን ታውቂያታለሽ፣ ቦኬ የምታስተምረውን። እንደ ወጉ እኔና ብሩኬ ማልደን ቦኬ ልንወርድ ተቃጠርን። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጎረቤቶቿን ደጇ ላይ እንዲያቆይልን ነግረነዋል፤ እንቅልፏን ትጨርስ፣ ስትሰማም የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይኑር ብለን ነው። ማታውኑ ደግሞ፣ የእድሩ ደንብ ነውና፣ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፤ ያንኑ ገጹ ላይ ጻፍኩ። እጄ ለምዷል፣ አላሰብኩትም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር እዚያው ያድራል። የጭሮ ሰው ያልፋል፣ ያነባል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ለማን እንደማይናገርም ያውቃል።

ያንቺ ሰሌዳ ግን እግር አውጥቶ ሰው ቤት ይሄዳል። የምሥራች በተከራየችው ክፍል ብቻዋን የተማሪ ፈተና ስታርም ስልኳ ጮኸ። «አዲስ ጽሑፍ፦ አቶ አያና ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የበለጠ ያንብቡ።» የበለጠ ያንብቡ! ከዚህ የበለጠ ምን አለ? በማለዳ ስንደርስ በሩን ራሷ ከፈተችልን፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። «ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ? ስልኩ ነግሮኛል» አለችን። ብዙ ቤት መርዶ ይዤ ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን እጄን የማደርግበት አጥቼ አላውቅም።

እለምንሻለሁ፣ ንቀይልኝ። ኮከቡን፣ ፎቶውን፣ ሣጥኑን፣ ማሳወቂያውን ሁሉንም። ሰሌዳ ነበር የጠየቅሁሽ።

ተስፋዓለም


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ለየምሥራች ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ማሳወቂያው እኔም ጋ ደርሶ ነበር እኮ። አይቼ «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩ። እሷም በዚያው ደቂቃ ብቻዋን እያነበበችው እንደሆነ አልመጣልኝም።

የጠየቁኝን ግን እንዲህ በቀላሉ ማድረግ አልችልም። ማሳወቂያው ከምዝገባው፣ ምዝገባው ከአባላቱ ስም ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ነው፤ አንዱን ክር ስመዝ ሌላው ይተረተራል። ኢዘዲንስ? ለእሱ ዓይነቱ ሰው ምን እንላለን? የሶፍትዌሩን መመሪያ ሳገላብጥ ግን አንድ መላ አገኘሁ። ለአንድ ጽሑፍ ብቻ፣ አንድ ሰው ማሳወቂያ እንዳይደርሰው ማስቀረት ይቻላል። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ከመጻፍዎ በፊት ስሙን ይላኩልኝ፤ እኔ ከዚህ አስቀረዋለሁ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እማዬን ትናንት አናገርኳት፣ ድምፅዋ ዝሎብኛል። ጉንፋን ነው አለችኝ። እውነት ጉንፋን ነው?

አብርሆት


ጭሮ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአብርሆት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህልስ ይበላልሻል? እግርሽ አብጧል ያልሽው ቀለለልሽ ወይ? እዚህ ሁላችን ደህና ነን። ብርዱ ለቅቆናል። የብሩኬ ልጅ እየሩስ ሥራ ይዛለች። እኔም ደህና ነኝ።

እናትሽ ስልክ የማታነሳው አሰቦት ገዳም ሱባኤ ስለገባች ነው። ጾሙ ሲገባ ላንቺ ተስላ ሄደች፣ ስልኳንም ቤት ትታዋለች። እዚያ ደግሞ ማንም ደውሎ የሚያገኛት የለም፣ በከንቱ አትድከሚ። እንዳትጨነቂ ብላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሰው የማስቀረት መላ፣ ስሙን ላንቺ ሳልልክ እኔው ራሴ ከዚህ ላደርገው እችላለሁ ወይ? ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አስቸጋሪ ከሆነም አትልፊ።

ተስፋዓለም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተስፋዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። እማዬ እንዴት ሳትነግረኝ ትሄዳለች? ገበያ ስትወጣ እንኳ ደውላ የምትነግረኝ ሰው። ተቀይሜያታለሁ ብላችሁ ላኩባት። ደግሞ ጉንፋኗ ሳይለቃት ያን ቆላ ምን አስወረዳት? በዓመት አንዴ እንኳ እምቢ የሚላት ሰው ጠፋ?

ኃይሉ ባለፈው ሳምንት ለመስክ ሥራ ድሬዳዋ ደርሶ መጣ። ዓይኑ በርበሬ መስሎ ነው የተመለሰው፤ አቧራ ነው ይላል። ምግብም አልቀመስ ብሏል። የወንድ እርግዝና ነው እያልኩ እቀልድበታለሁ፣ አይስቅም።

ለጥያቄዎ፦ ማስቀረት የሚችለው ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ እኔ ነኝ። እምቢ ብለው ነው እንጂ ያኔ ልሰጥዎት ነበር። አሁን በጽሑፍ ላስረዳዎት ብል ሁለታችንም እናብዳለን። ምን አስቸገረዎት ጋሼ? ስሙን ይላኩልኝ፣ አሁኑኑ አደርገዋለሁ። ከእኔ የሚደበቅ ሰው ማን አለ?

አብርሆት


ጭሮ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብርሆት ልጄ፣

ስሙን አልልክልሽም። አትጠይቂኝ።

የምነግርሽ ይህን ያህል ነው። ከአባሎቻችን አንድ ሰው አርፏል። ጭሮ ያለው በጡሩምባ ሰምቶ ቀብሯል። ቦኬና መሰላ ያሉት ግን ገጹን ነው የሚጠብቁት፣ ገጹ ላይ ደግሞ እስካሁን አልጻፍኩም። ብሩኬ «ይህን ያህል ዘመን ለሰው የደረሰ ሰው እንዴት ሳይጻፍለት ይቀራል? ለአርባው እንኳ ሰው ይድረስ እንጂ» እያለ ይቆጣኛል። እውነቱን ነው። ሟቹ ሰው ሊመጣለት የሚገባ ሰው ነው። ብጽፈው ግን ማሳወቂያው ያለ ጊዜው መስማት የሌለበት ሰው ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያ ሰው ደግሞ አሁን ቢሰማ የሚጠፋው የአንድ ሰው ልብ ብቻ አይደለም። በከተማው ሁሉ ሰው አፉን ይዟል። ሕፃኑ እንኳ ይዟል። ያ ስልክ ብቻ ነው አፍ መያዝ የማያውቀው።

ደክሞኛል። ሰሌዳው ጋ እሄድና ቆሜ እመለሳለሁ። ሁሉንም ንቀይልኝ ስልሽ በእልህ አይደለም። ሌላ መንገድ የለኝም።

ተስፋዓለም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የማንንም ሰው ስም ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። የአቶ ብሩኬን፣ የኢዘዲንን፣ የማንንም። ለእኔ ሊነገረኝ የማይችል ስም አንድ ብቻ ነው።

አልጠይቅዎትም፤ እርስዎም አይመልሱልኝ። ኃይሉንም አልጠየቅሁትም። ማታ ራቱን አቅርቦልኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር እያየሁት በላሁ። ሐኪሟ ያለችውን አስባለሁ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እተነፍሳለሁ። ሰው መጥቶ ያልነገረኝን አላውቅም። እንዲህ ብዬ ወስኛለሁ። ማልቀስ አምሮኛል ጋሼ፣ በጣም አምሮኛል፤ አላለቅስም። ምን ሰምቼ ነው የማለቅሰው?

ሁለት ቀን ሙሉ ስነቅል ዋልኩ። አይቻልም ብዬዎት ነበር፤ ያንን ሶፍትዌር እንዳለ ትቼ ከባዶ ስጀምር ተቻለ። ወር ይፈጃል ያልኩትም ውሸት ሆነ፤ ወር የሚፈጀው ጌጡ ነው። አሁን ያለው ነጭ ገጽና ጥቁር ጽሑፍ ነው። ፎቶ የለውም፣ ሣጥን የለውም፣ የማንም ስም አልተመዘገበበትም። ቦኬ ላይ በደካማ ኔትወርክ የምሥራች ከፍታ ሞክራልኛለች፤ ይቅርታዬን ተቀብላለች። የጻፉት ነገር እዚያው ይቆማል፣ ሰው ራሱ ሄዶ ያነበዋል። ለማንም አይናገርም፤ ለእኔም። ቀብር ለሚያስቸኩላቸው ሰው ይደውልላቸው። እየሩስ ጆሮ ትሁንዎት።

የይለፍ ቃሉ ከደብዳቤው ሥር አለ። ዛሬውኑ ይቀይሩት፣ አዲሱን አይንገሩኝ። ገጹንም አልከፍተውም፤ ቃሌ ነው። ማንም ይሁን ያረፈው፣ በደንብ አድርገው ይጻፉለት። የሠራውን ሁሉ ይጻፉለት። ሰው ይምጣ።

አብርሆት


ጭሮ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ኃይሉ ደውሎ ለብሩኬ ሲነግረው እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አንድም ቃል ሳልሰማ ከፊቱ ገባኝ። ሴት ናት አሉኝ፣ ጸጉሯም ብዙ ነው አሉኝ። ጎረቤት ተጠራርቶ እልል ሲል እኔም ከእርጅናዬ ጋር አጨበጨብኩ። የኃይሉ እናት በአራስነትሽ እንዳረሱሽ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው። ብዪ፣ ጠጪ፣ ንፋስ እንዳይመታሽ።

ገጹ ደህና ነው። ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ሌላ ነገር አያውቅም። በእርግጥ ገጹን ሳይከፍት የሰነበተ አንድ የመሰላ ሰው ዘግይቶ ሰምቶ ተቆጥቶኛል፤ ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ኦቦ ጅብሪል ዛሬ ቢሞቱ ኢዘዲን ላይደርስ ይችል ነበር፤ እሱንም ነግሬው «ምን ይደረግ ጋሼ» አለኝ። ሁሉን የሚያሟላ ነገር አላገኘንም።

በዚህ ሰሞን አንድ አርባ ነበረን። የማን እንደሆነ አንቺ አትጠይቂኝም፣ እኔም አልነግርሽም። ሰው ግን መጣ። ከቦኬ መጣ፣ ከመሰላ መጣ፣ ከአሰቦትም መጣ። ድንኳኑን የተከለው ኢዘዲን ነው፤ ሁለት ድንኳን አልበቃም። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፣ ያደጉትንም የታዘሉትንም። ይህን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ልጽፍልሽ ፈልጌ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

የልጅሽ ክርስትና ሰኔ ላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባንዱ ማለዳ እኔና ብሩኬ እንመጣለን። በሩን ኃይሉ ይክፈትልን፣ ልጅቷን አማትሽ ይያዟት፣ አንቺ ተቀመጪ። እንደ ወጉ እነግርሻለሁ፣ አንቺም እንደ ወጉ ታለቅሻለሽ፤ ብቻሽን አትሆኚም።

እስከዚያው በጻፍሽልኝ ቁጥር እናቴ እንዴት ናት ብለሽ ጠይቂኝ፤ እኔም ደህና ናት እልሻለሁ።

አባትሽ፣
ተስፋዓለም